የሸክላ አምባ ክምሮች

የካቲት 20፣ 2015 ዓ.ም.

ትናንት ቦርዱ አጸደቀው። ሠላሳ ስድስት ቤት፣ ሸክላ አምባ ላይ፣ ለኮሌጁ በተሰጠው ከአስፋልቱ በታች ባለው ተዳፋት። ቤቶቹ ለመምህራንና ለከተማው ሰው ይከራያሉ፤ ተከራዮቹ የሁለት ዓመቱን አስቀድመው ይከፍላሉ፤ በዚያ ገንዘብ የአዋላጅ ነርሶች ትምህርት ክፍል ይከፈታል። በየዓመቱ ስድሳ ሴት ልጆች። ዲኑ፣ እንዳለው፣ ይህን ሲያስረዳ ስብሰባ ላይ የሚያንቀላፉት ሳይቀሩ ነቅተው ሰሙት። ጎንደር አብረን ስንማር ክፍል ውስጥ እጁን አውጥቶ አያውቅም ነበር። አሁን ዲንነቱ ያምርበታል።

የቦታው ጥናት የእኔ ነው። በደብዳቤ «የፕላንና ልማት ኃላፊ» እባላለሁ። ዳባት ውስጥ፣ በእኛ ዓይነት ትንሽ ኮሌጅ፣ ይህ ማለት ሌላው ያልጻፈውን ሁሉ የሚጽፍ ሰው ማለት ነው።

ዛሬ ሜትርና ደብተር ይዤ ዞርኩት። ከዳር ገብስ የሚያርሱት አያ ገዱ አብረውኝ ዞሩ። ሰባ አልፏቸዋል፤ እኔን ዳገቱ ሲያስለከልከኝ እሳቸው ያወራሉ። ከወይራው በላይ ስላሉት የድንጋይ ክምሮች የሆነ ነገር ሲሉኝ ነበር፤ ነፋሱ በደንብ አላሰማኝም። አሥራ አንድ ክምር ቆጠርኩ። ከእርሻ የተለቀመ ድንጋይ ይመስላል።

ምንጩ ከታች ነው፣ ፓምፕ ይፈልጋል። የመግቢያ መንገድ ሦስት መቶ ሜትር። አፈሩ ጥሩ።

የካቲት 22

ጥናቱን አስገባሁ። ዘጠኝ ገጽ። የጻፍኩትን እዚህም ልገልብጠው፦ «በቦታው ላይ ነባር ይዞታ የለም። በላይኛው ክፍል ከእርሻ የተለቀመ የድንጋይ ክምር ያለ ሲሆን፣ ድንጋዩ ለመሠረት ሙሌት ሊያገለግል ይችላል።»

እንዳለው አንብቦ፣ «ንጹሕ ጥናት ማለት ይኼ ነው!» አለኝ።

በሠራተኛ ድልድሉ ቤት ቁጥር ሰባት ለእኔ ደርሳለች። ጥግ ላይ ናት፤ ጀርባዋን ለነፋስ፣ ፊቷን ለፀሐይ ሰጥታለች። አሥራ አራት ዓመት በአንዲት የኪራይ ክፍል ኖሬያለሁና ማንም ቅር አላለውም።

መጋቢት 3

ሩጫ። ደባርቅ ደርሼ መጣሁ። የቆርቆሮና የሲሚንቶ ነጋዴው ጋሽ ሀሚድ ለሁለት ልጆቻቸው ሁለት ቤት አስመዘገቡ። እሳቸው ከገቡ ሌላው ነጋዴ ይከተላል። ሱቃቸው ውስጥ ቆመን፣

«መሬቱ የማን ነበር?» አሉኝ።

«የኮሌጁ ነው።»

«አሁንማ የኮሌጁ ነው። በፊት?»

«ባዶ ነበር።»

«በዚህ አገር ባዶ መሬት አለ እንዴ?» ብለው ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ፈረሙ።

መጋቢት 11

ጠዋት ከቢሮዬ መስኮት ሰዎች ቃሬዛ ተሸክመው ሲሮጡ አየሁ። አስፋልቱ ዳር አውርደው መኪና መለመን ጀመሩ። ወጣሁ። በቃሬዛው ላይ ያለችው ሴት ሃያ ዓመት አይሞላትም፤ ሁለተኛ ቀኗ ነው አሉ፣ ምጥ ላይ። እንዳለውን ሳልጠይቅ የኮሌጁን ፒክአፕ ሰጠኋቸው። ወደ ደባርቅ ሆስፒታል ወሰዷት። ከሰዓት ስደውል እናቲቱ ተርፋለች፣ ልጇ አልተረፈም።

አበባየሁ ከሞተች ዘጠኝ ዓመት ሆነ። ታናሼ ናት። ደረስጌ ታስተምር ነበር። ምጧ ሲመጣ ጤና ጣቢያው ውስጥ የነበረው አንድ ወንድ ልጅ ነው፤ መርፌ ከመውጋት በስተቀር የሚያውቀው አልነበረም። በጭነት መኪና ይዘዋት ሲመጡ ፓርኩ ውስጥ ጨነቅ የሚባለው ቦታ ላይ ጭቃ ያዛቸው። የፓርኩ ጠባቂ ስካውቶችና በቅሎ ነጂዎቹ ገፍተው ገፍተው አቃታቸው። ስካውቶቹ ድንኳን ውስጥ አስገቧት። እዚያው አለፈች። ሐኪሙ በኋላ፣ «እዚያው ደረስጌ አንዲት የሠለጠነች አዋላጅ ብትኖር የሚያልቅ ነገር ነበር» አለኝ። ይህን የነገረኝ ክፉ አስቦ አይደለም።

ስድሳ ልጆች በየዓመቱ። ስድሳ! ከዚህ አንጻር አሥራ አንድ የድንጋይ ክምር ምንድን ነው?

ይህን ለምን እንደጻፍኩት አላውቅም። ስለ ክምሩ ማን ጠየቀኝ?

መጋቢት 19

ሻይ ቤት ከሸራው ወዲያ የሒሳብ ክፍል ሰዎች ተቀምጠዋል። እኔ መኖሬን አላወቁም።

«ስጦታ ጎበዝ ናት፣ የሚፈለገውን ታውቃለች» አለ አንዱ።

«እንዲያውም የሚፈለገውን ብቻ ነው የምታየው» አለች ሌላዋ። ተሳሳቁ።

ሻዬን ሳልጨርስ ወጣሁ። ስለ ዓመት በጀቱ ይሆናል የሚያወሩት።

ወደ ቤት ስመለስ አያ ገዱ መንገድ ላይ አገኙኝ።

«ልጄ፣ ያልኩሽን ጻፍሽው?»

«ተጽፏል፣ አያ» አልኩ።

ስለ ድንጋዩማ ተጽፏል።

መጋቢት 30

ሃያ ዘጠኝ ቤት ተይዟል። የከተማው መሬት ክፍል ለዘንድሮ አዲስ የቦታ ጥያቄ መቀበል ዛሬ አቆመ። እኛ ቦታችንን ይዘናል፤ አይመለከተንም።

ራሴን አሞኛል። ጾሙ ይሆናል።

ሚያዝያ 10

ፋሲካን እናቴ ጋ ዋልኩ። እንዳለው ደወለ። ከእስራኤል ሁለት ሰዎች ይመጣሉ፤ አያትና የልጅ ልጅ። አያትየዋ የዚህ አገር ሰው ናቸው፣ በወጣትነታቸው በእግር በሱዳን በኩል የሄዱ።

«አንቺ ተቀበያቸው፤ አዋላጅ ማሠልጠኛውን በደንብ አስረጂያቸው። ማን ያውቃል፣ ይረዱን ይሆናል» አለኝ።

«ከየት ናቸው?»

«ከዚሁ ከዳባት ዙሪያ።»

የየትኛው ሰፈር ብዬ አልጠየቅሁም።

ሚያዝያ 16

ዶዘር ገባ። ሾፌሩ ደርቤ ይባላል፣ ዝምተኛ ሰው። የመግቢያውን መንገድ ከላይ ጀምሮ ወደ ታች ይጠርጋል።

እኔ ከታች ምንጩ ጋ የፓምፑን ቦታ እለካ ነበር። ከላይ ጩኸት ሰማሁ። አያ ገዱ ከዶዘሩ ፊት ቆመው ዱላቸውን ያወዛውዛሉ። መውጣት እችል ነበር፤ ልኬቱ አላለቀም። ትንሽ ቆይቶ ሞተሩ ጠፋና ደርቤ ወደ እኔ ወረደ።

«እህቴ፣ ሽማግሌው መቃብር ነው ይላሉ። እውነት ነው?»

«ዲኑን ጠይቀው» አልኩት።

አየኝ። «ሦስቱን ጠርጌያቸዋለሁ» አለ። «ባውቅ አልነካም ነበር።» ቁልፉን ነቅሎ ወደ ከተማ ሄደ።

ሚያዝያ 17

እንዳለው ነገሩን በስልክ ፈታው። ከታች ይጀመር ተባለ። አያ ገዱ ሰላም ብያቸው አልመለሱልኝም። ሁለት ጊዜ አልኳቸው።

ሚያዝያ 24

እንግዶቹ መጡ። ረጅም ቀን ነበር፤ በቅደም ተከተል ልጻፈው።

እትዬ እናናዬ ስድሳ የሚጠጋቸው፣ ቀጭን፣ ነጭ ሻሽ ያሰሩ ሴት ናቸው። አማርኛቸው የድሮ ነው፤ ቃሉን ሳይቆርጡ እስከ ጫፉ ይናገራሉ። የልጅ ልጃቸው ሺርሊ ሃያ ገደማ ናት፤ የምትሰማውን ያህል አትናገርም። እንዳለው ለስላሳ አስቀረበና የቤቶቹን ፕላን በግድግዳው ላይ አሳያቸው። እትዬ እናናዬ ተነሥተው ቀረቡ፤ ብዙ ቆዩ።

«ይኼ ነጥብ ወይራው ነው?»

«አዎ፣ ይቆረጣል» አለ እንዳለው።

ጣታቸው ከወይራው ተነሥቶ ትንሽ ወደ ላይ ሄደና በስድስትና በሰባት ቁጥር መካከል፣ መንገዱ ላይ ቆመ።  «ልየው» አሉ።

ወሰድኳቸው። አያ ገዱ ከሩቅ አይተውን ከእርሻቸው መጡ። አሥር እርምጃ ሲቀራቸው ቆሙ።

«አንቺ… የታገኘ ልጅ አይደለሽም?»

«ነኝ፣ ወንድም ገዱ።»

አያ ገዱ ዱላቸውን ጣሉት። ተቃቅፈው ብዙ ቆዩ። አባታቸው ታገኘ ቀጥቃጭ ነበሩ፤ አያ ገዱ የሚያርሱበት የመጀመሪያው ማረሻ የእሳቸው እጅ ሥራ ነው አሉ። ከዚያ ወደ ክምሮቹ ወጣን። አያ ገዱ አንድ በአንድ እየጠሩ ሄዱ፤ ይኼ የአጎትሽ የሙሉሰው፣ ይኼ የአያትሽ። የስምንቱንም የማን መሆን ያውቃሉ። በአርባ ዓመት አንዱንም አልረሱም።

«የእናቴስ?» አሉ እትዬ እናናዬ።

አያ ገዱ ዶዘሩ በጠረገው ቀይ አፈር ላይ አመለከቱ።

ሺርሊ ወደ እኔ ዞረች። «ማን ነው ይኼን ያደረገ?»

«ከእርሻ የተለቀመ ድንጋይ መስሎን ነው» አልኩ።

አያ ገዱ አዩኝ። አፋቸውን ከፈቱ፤ ከዚያ ዘጉት። ቢናገሩ ይሻለኝ ነበር።

እትዬ እናናዬ ጫማቸውን አውልቀው መሬቱ ላይ ተቀመጡ። ለሺርሊ ይመስለኛል የተናገሩት፤ ግን በአማርኛ ነበር። «እናቴ ሦስት ቀን አምጣ ነው የሞተች። ልጁም አልወጣ። አብረው ናቸው። እኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ውሃ እያመላለስኩ።»

እንዳለው አስረጂ ያለኝን ስለ ማሠልጠኛው አንድም ቃል አልተናገርኩም። ደባርቅ ሆቴላቸው አድርሻቸው ተመለስኩ።

ሚያዝያ 25

ነፋስ አልነበረም።

የካቲት 20 ጸጥ ያለ ጠዋት ነበር። አያ ገዱ ያሉኝ ይህ ነው፦ «ይኼ የነታገኘ መቃብር ነው። ሲሄዱ አደራ ብለውኝ ነው የሄዱ። ቤቱን ከወይራው በታች አድርጉት፤ ከላይ አትንኩብኝ።» ሰማሁ። «እሺ፣ አያ» አልኳቸው። ቤቴ ገብቼ ነፋስ ብዬ ጻፍኩ። ለራሴ ደብተር እንኳ ዋሸሁ! ይህን ደብተር ማን ያነበዋል ብዬ ነው?

ዛሬ ፈቃድ ሳልጠይቅ በሚኒባስ ደባርቅ ሄድኩ። የሆቴሉ በረንዳ ላይ ተቀምጠዋል። ቆሜ ነገርኳቸው። አውቅ እንደነበር፣ በእጄ እንደጻፍኩት፣ ድንጋዩን ለመሠረት ሙሌት ያልኩትም እኔ መሆኔን። ሺርሊ ተነሥታ ወደ ውስጥ ገባች። እትዬ እናናዬ ወንበር በእግራቸው ገፋ አድርገው ሰጡኝ።

«ለምን?»

ስለ አበባየሁ ነገርኳቸው። ስለ ጨነቅ፣ ስለ ድንኳኑ፣ ስለ ስድሳዎቹ ልጆች። ሳያቋርጡ ሰሙኝ። ስለ ቤት ቁጥር ሰባት አልነገርኳቸውም፤ ከዚህ ጋር የሚገናኝ ነገር የለውም።

ሲበቃኝ እንዲህ አሉ፦ «ለአዋላጅ ከሆነማ እናቴ ቦታዋን ትሰጥ ነበር። እኔም እሰጥ ነበር። ግን ማን ጠየቀን?»

«ማንም አልጠየቀም» አልኩ።

«አሁንስ ምን ታደርጊያለሽ?»

«እጽፈዋለሁ።»

«ጻፊው» አሉ። ይቅር ብዬሻለሁ አላሉኝም። እኔም አልጠየቅሁም።

ሚያዝያ 27

አንድ ገጽ። ያወቅሁበትን ቀንና የነገሩኝን ሰው ስም ጽፌ ፈረምኩ። እንዳለው ሁለት ጊዜ አነበበው፤ ከዚያ ተነሥቶ በሩን ዘጋ።

«ስጦታ፣ ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ። መልሰሽ ውሰጂው።»

«መዝገብ ቤት አስመዝግቤዋለሁ። ቁጥር አለው።»

ተቀመጠ። «ስድሳ ልጆች ነበሩ።»

«አውቃለሁ።»

«አበባየሁን አብረን ነው የቀበርናት እኮ!»

«አውቃለሁ፣ እንዳለው።»

 ከዚያ መስኮት መስኮቱን እያየ፣ «አያ ገዱ ለእኔም ነግረውኝ ነበር፣ ገና በጥር» አለኝ። «አንቺ ካልጻፍሽው የለም ብዬ ነው።»

ከዚህ በኋላ ምን እንደተባባልን አላስታውስም። ስወጣ ደህና ዋይ ብሎኛል።

ግንቦት 3

ወሬው ደባርቅ ደርሷል። ጋሽ ሀሚድ ራሳቸው ቢሮዬ ድረስ መጡ። ሻይ ላስመጣ ብላቸው እምቢ አሉ።

«ባዶ ነው አልሽኝ።»

«ብያለሁ።»

«እኔ ልጆቼን የሰው አጥንት ላይ ላሳድር? የማንም ይሁን የማን። እስላም ክርስቲያን የለበትም ይኼ።» ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። «የገረመኝ እሱ አይደለም። ጠይቄሽ ነበር። ዓይን ለዓይን ተያይተን ጠይቄሽ ነበር።»

ይቅርታ አልኳቸው። ስማቸውን እንድሰርዝ ብዕሬን አነሣሁ።

«ቆይ፣ ምን ያስቸኩልሻል?» አሉ። «ከወይራው በታች ያለው ሜዳ ንጹሕ ነው?»

«አዎ።»

«ገዱን ጠይቄ እመጣለሁ፤ አንቺን አይደለም።»

ግንቦት 10

ቦርዱ አራት ሰዓት ሙሉ ተሰበሰበ። ከወይራው በላይ ያለው ይታጠራል። ከታች አሥራ ሁለት ቤት ብቻ ይሠራል። ጋሽ ሀሚድ ሁለቱን ይዘዋል፤ ሌሎቹ ነጋዴዎች ተከትለዋቸዋል። ሌላ ቦታ እንጠይቅ ያሉ ነበሩ፤ የዘንድሮ ጥያቄ መቀበያ በመጋቢት መጨረሻ ተዘግቷል። ስለዚህ የአዋላጅ ክፍሉ ስድሳ ሳይሆን ሃያ ልጅ ይቀበላል። አንድ መለማመጃ ክፍል፣ በጦርነቱ ጊዜ መስኮቱ የረገፈው አሮጌው ቤተ መጻሕፍት ታድሶ።

እኔ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶኝ ወደ ሬጅስትራር ተዛውሬአለሁ። ስለ እንዳለው ማንም አላነሣም። እኔም አላነሣሁ። ላነሣ ይገባ እንደነበር እስከ አሁን እያሰብኩ ነው።

በአዲሱ የቤት ድልድል ስሜ የለም። ልክ ነው። ሌላ አስቤ አልነበረም።

ግንቦት 13፣ እሑድ

አያ ገዱ ሦስቱን ክምሮች መልሰው ሠሩ። ደርቤ ዶዘሩ የገፋውን ድንጋይ በአህያ አመላለሰ፤ ማንም ሳይጠራው ነው የመጣ። አጥንት አልተነካም፤ መቃብሩ ከተጠረገው በታች ጥልቅ ነው አሉ አያ ገዱ። እትዬ እናናዬና ሺርሊ ነገ ስለሚሄዱ እነሱም ነበሩ።

ከዳር ቆምኩ። ከዚያ አንድ ድንጋይ አነሣሁ። ማንም ነይ አላለኝ፣ ማንም ሂጂ አላለኝ። የት እንደማስቀምጠው ሳላውቅ ይዤው ቆሜ ሳለ አያ ገዱ ቀና ሳይሉ፣ «ትልቁን ከታች» አሉ። ከሚያዝያ ወዲህ ያናገሩኝ የመጀመሪያው ነው። እስከ ቀትር ድረስ ተሸከምኩ። ሺርሊ አንድ ጊዜ ውሃ አቀበለችኝ።

ሰኔ 8

ዝናብ። አዲሱ ቢሮዬ መስኮት የለውም። የማመልከቻ ቅጽ አዘጋጀሁ። ቀኑ ይሄዳል።

ሐምሌ 12

የአዋላጅ ክፍል አመልካቾች ውጤት ተለጠፈ። ሰማንያ አራት ልጆች አመልክተው ሃያ ተቀበልን። ቀሪዎቹ ወረቀታቸውን ለመውሰድ አንድ በአንድ ገቡ። አንዳንዶቹ አለቀሱ፤ አብዛኞቹ አላለቀሱም።

ሃያ አንደኛዋ ፈይዛ ትባላለች። ከአዲ አርቃይ በጭነት መኪና ሊማሊሞን ወጥታ ነው የመጣች። ሻርፗ በዝናብ ርሷል። ከሃያኛዋ በግማሽ ነጥብ ነው የቀረች።

«ማስታወቂያው ስድሳ ይል ነበር» አለችኝ።

«መጀመሪያ የታቀደው ስድሳ ነበር።»

«ታዲያ ምን ተገኘ?»

በጀት ማለት እችል ነበር። ከእሷ በፊት ለገቡት እንደዚያ ነው ያልኩት። ለእሷ ግን ነገርኳት። ቤቶች ሊሠሩ እንደነበር፣ ከቤቶቹ በሚገኘው ክፍሉ ሊከፈት እንደነበር፣ ቦታው ላይ መቃብር በመኖሩ ቤቶቹ እንዳነሱ።

ጭንቅላቷን ነቀነቀች። «የሰው መቃብርማ አይነካም» አለች። ሰውነቴ ቀለል ሲለኝ ተሰማኝ።

«መቼ ነው መቃብር መሆኑን ያወቃችሁ?» አለች ደግሞ።

«የካቲት ላይ።»

«ገና በየካቲት?» ትንሽ አሰበች። ክፋት አልነበረባትም፤ ሒሳብ እንደሚሠራ ሰው ነበር የምታስበው። «እንግዲያ ያኔውኑ ብትናገሩት፣ ለቤቱ ሌላ ቦታ አይፈለግም ነበር?»

ሌላ ቦታ ነበር። ከከተማው ወዲያ ጫፍ፣ ውሃ ያለው፣ ማንም ያልጠየቀው። እስከ መጋቢት መጨረሻ ክፍት ነበር። እስከ ዛሬ መቃብሩ ልጆቹን አስቀረ እያልኩ ነበር የኖርኩት። ልጆቹን ያስቀረ መቃብሩ አይደለም።

«ይፈለግ ነበር» አልኳት። «ያልተናገርኩት እኔ ነኝ።»

አየችኝ።  ወረቀቶቿን ተቀብላኝ ዝናብ እንዳይነካቸው በፌስታል ጠቀለለቻቸውና ሻርፗ ሥር ከተተቻቸው።

«እሺ፣ እትዬ» ብላ ወጣች።

የሚቀጥለውን ስም ጠራሁ።